የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመንገዱን ጠርዝ መያዝ ያድናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ሲሆን የ15 ዓመት ልጃችን ትምህርት ቤት የሚመላለሰው በብስክሌት ነው። እኔና አባቱ ሁልጊዜ «ዳር ዳሩን ያዝ፣ ከመኪና ራቅ» እያልን ነው የምንሸኘው። ባለፈው ወር እንዳልነው የቀኝ ጠርዙን ይዞ መስቀለኛ መንገድ በቀጥታ ሲያቋርጥ፣ ከጎኑ የነበረ ባጃጅ ድንገት ወደ ቀኝ ታጥፎ የፊት ጎማውን መታው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉልበቱና ክርኑ ከመላላጡ በቀር የከፋ ጉዳት አልደረሰበትም። ከጎረቤቶቻችን ግማሾቹ «ብስክሌቱን ሽጡት» ይሉናል፤ ሌሎቹ ደግሞ «መስቀለኛ መንገድ ሲደርስ ወርዶ ይግፋ» ይላሉ። ምን ብለን እንምከረው? አደባባይስ እንዴት ይለፍ?
አንዲት እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጅዎ በቀላል ጉዳት በመትረፉ እንኳን ደስ ያለዎት። ብስክሌቱን አይሽጡት። ሐዋሳ መሬቷ ሜዳ፣ ዋና ዋና ጎዳናዎቿም ሰፋፊ በመሆናቸው ለብስክሌት እጅግ ከሚመቹ ከተሞቻችን አንዷ ናት፤ ልጁም በራሱ ጉልበት መሄድን መልመዱ ለጤናው ትልቅ ሀብት ነው። መታረም ያለበት ምክሩ ነው። ዳር መያዝ መታጠፊያ በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ተገቢ ሲሆን፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ግን ልጁን ከአሽከርካሪዎች ዕይታ የሚሰውረው ይኸው ዳር መያዝ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ አሽከርካሪ ዓይኑን የሚጥለው ተሽከርካሪ ይመጣብኛል ብሎ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ፊትና ወደ ግራ ነው። በቀኝ ጎኑ ተጠግቶ የሚሄድ ብስክሌተኛ በዚያች ቅጽበት ከሐሳቡም ከስፖኪዮውም ውጭ ይሆናል። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚፈሩት ከኋላ የሚመጣውን መኪና ቢሆንም፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ይበልጥ ሊፈራ የሚገባው ከጎን ወይም ከፊት ታጥፎ መንገድ የሚዘጋው ነው።

ስለዚህ ልጅዎ መስቀለኛው መንገድ 30 ሜትር ያህል ሲቀረው በግራ ትከሻው በኩል ወደ ኋላ ይመልከት፤ ክፍተት ካገኘ ግራ እጁን ዘርግቶ ምልክት ይስጥና ቀስ ብሎ ወደ ረድፉ መሐል ይግባ። መስቀለኛውን በዚያው በመሐል ካለፈ በኋላ ወደ ቀኙ ይመለስ። ከኋላው ያለው ሾፌር ክላክስ ሊያደርግበት ይችላል፤ ይህ አያስደንግጠው፣ ክላክስ ያደረገ ሾፌር ልጁን አይቶታልና። አደገኛው ጭራሽ ያላየው ነው። ክፍተት ካላገኘ ግን በግድ አይግባ፤ ዳር ቆሞ ያሳልፍ።

ይህን ሁሉ የሚወስነው አንገትን ወደ ኋላ አዙሮ ብስክሌቱን ቀጥ አድርጎ መንዳት መቻል ነው። ልጆች ወደ ኋላ ሲዞሩ እጃቸውም አብሮ ስለሚዞር፣ ሳያውቁት ወደ መኪናው መንገድ ይገባሉ። እሑድ ማለዳ ጭር ባለ ሜዳ ላይ መሬቱ ላይ በኖራ ቀጭን መስመር አስምሩለትና በመስመሩ ላይ ይንዳ። አባቱ ከኋላው ቆመው ጣቶቻቸውን ያንሱ፤ ልጁ አገጩን ወደ ትከሻው አድርጎ ስንት ጣት እንደተነሣ ጮክ ብሎ ይናገር። ክርኖቹን ማላላትና መሪውን አጥብቆ አለመጨበጥ ይረዳዋል። ከመስመሩ ሳይወጣ ቁጥሩን በትክክል መናገር እስኪችል ድረስ፣ በሥራ መውጫና መግቢያ ሰዓት በመናኸሪያው አካባቢ ባይነዳ እመርጣለሁ።

ስለ ባጃጅ ደግሞ ይህን ይወቅ። ባጃጅ ሳይታሰብ የሚታጠፈውና የሚቆመው በተሳፋሪ ምክንያት ስለሆነ፣ ፍሬቻውን ብቻ መጠበቅ አያዋጣም። ዳር ቆሞ እጁን ያነሣ ሰው ካለ፣ ወይም የሾፌሩ ጭንቅላት ወደ እግረኛ መንገዱ ካዘነበለ ባጃጁ ሊታጠፍ ወይም ሊቆም ነው። የፊት ጎማውም አንድ ብቻ ስለሆነ መዞር ሲጀምር በግልጽ ይታያል። ልጅዎ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ከሆነ በአንዲት ሰከንድ ከ5 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ስለዚህ መስቀለኛ መንገድ ሲቃረብ ፍጥነቱን ቀንሶ ጣቶቹን ፍሬኑ ላይ ያኑር። ከቆመ ተሽከርካሪ አጠገብ ሲያልፍም ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፤ በር ሊከፈት ወይም ተሳፋሪ ሊዘል ይችላል።

ሲኖትራክና አይሱዙን በተመለከተ ግን ማመቻመች የለም። ከሻሸመኔ መጥቶ ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው ዋና መንገድ ከተማችንን ስለሚነካ ከባድ መኪና አይጠፋም። ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ጠበው ጠርዙን እየጠረጉ ያልፋሉ። በመኪናውና በጠርዙ መካከል ሰፊ መስሎ የታየው ክፍተት በቅጽበት ይዘጋል። ስለዚህ በቆመ ከባድ መኪና ቀኝ በኩል ሾልኮ ወደ ፊት መሄድ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ከኋላው ይቁም፤ የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ማየት ካልቻለ ሾፌሩም እሱን በስፖኪዮው እንደማያየው ይቁጠር።

ወደ ግራ መታጠፍ ሲፈልግ በተሽከርካሪዎች መሐል መቆም የለበትም። በቀጥታ ተሻግሮ ማዶ ባለው ጥግ ላይ ይቁም፤ ብስክሌቱን ወደሚሄድበት አቅጣጫ አዙሮ ተራው ሲደርስ ይሻገር። ብስክሌት በሞላባት ዴንማርክ ብስክሌተኞች ወደ ግራ የሚታጠፉት በዚሁ መንገድ እንዲሆን ሕጉ ያዛል። ጥቂት ሰከንድ ያስወስዳል እንጂ ምንም አያጎድልበትም።

አደባባይ ላይ ቅድሚያው በውስጥ እየዞረ ላለው ነው፤ ልጅዎም ከግራው የሚመጣውን አሳልፎ ይግባ። ከገባ በኋላ የውጭውን ጠርዝ ይዞ አይዙር፤ ከአደባባዩ የሚወጡት መኪኖች ፊቱን የሚያቋርጡት እዚያ ነው። በረድፉ መሐል ሆኖ ይዙር፤ ሊወጣ ሲል ቀኝ እጁን ይዘርጋ። እንደ ገብርኤል አደባባይ ያለ ቦታ በበዓል ወይም በንግሥ ቀን ሲጨናነቅ ግን የጎረቤቶችዎ ምክር ትክክል ነው፤ ወርዶ በዜብራው ላይ ብስክሌቱን እየገፋ እንደ እግረኛ ይሻገር። ይህንን እንደ ሽንፈት እንዳያየው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ልጆች ጓደኞቻቸው እንዳይስቁባቸው ሲሉ ብቻ አደጋ ውስጥ ይገባሉ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ በ15 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ብቻ መጫን ተገቢ አይደለም። የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ በዚህ መሠረት የተለየ የብስክሌት መስመር እንዲሠራ ወላጆች በየቀበሌው ስብሰባ ሊጠይቁ ይገባል።

ጥያቄ፦ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ነኝ። በክረምት ዝናብ በምሽት ስነዳ ፍሬኔ አልይዝ ይለኛል፤ መስቀለኛ መንገድ ላይም አይታየኝም፣ አልታይምም። ምን ላድርግ?
ከሐዋሳ፣ ታቦር

መልስ፦ ፍሬንዎ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ፣ የፍሬኑ ላስቲክ መጀመሪያ ውኃውን መጥረግ ስላለበት ወዲያው አይዝም። መስቀለኛ መንገድ ከመድረስዎ በፊት ሁለቱንም ፍሬኖች አሥር አሥር ሜትር እየቆዩ በቀስታ ይጫኑ፤ ቸርኬው ይደርቃል። የዜብራው ቀለም ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት፣ በላዩ ሲያልፉ አይጠምዝዙ፣ ፍሬንም አይያዙ። ውኃ የቋጠረ ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅምና ዙረውት ይለፉ። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ይግጠሙ፤ ከአንድ በላይ መግዛት ካልቻሉ ከፊት ያለውን ያስቀድሙ፣ ለኋላው ቀይ አንጸባራቂ ይለጥፉ። የዝናብ ልብስ ሲገዙም ጥቁሩን ትተው ቢጫውን ይምረጡ።