የእቁቡ ፓስወርድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለእናቴ እቁብ በጃንጎ (በፓይተን ዌብሳይት መሥሪያ) ትንሽ ዌብሳይት ሠርቻለሁ። አባላቱ 43 ናቸው። ብዙዎቹ ኢሜይል ስለሌላቸው በስልክ ቁጥር ነው የሚገቡት። ሲረሱ እንድነግራቸው ፓስወርዱን እንዳለ ዳታቤዝ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አሁን ግን አንዳንዶቹ ቁጥራቸውን አስገብተው «ተጠቃሚው የለም» ይላቸዋል። ምን ይሻለኛል? (ከአዳማ)

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ከጥያቄሽ በፊት በመሃል ጣል ያደረግሻት ነገር አስደነገጠችኝ። ፓስወርዱን እንዳለ ማስቀመጥ ዛሬውኑ ይቅር። እኔም ድሮ ለአንድ ክሊኒክ ስሠራ እንዲሁ አድርጌ ነበር። የዳታቤዙ ቅጂ ያለበት ፍላሽ ጠፋብኝ። ሰው አንዱን ፓስወርድ ለኢሜይሉም ለፌስቡኩም ይጠቀምበታል። ለእያንዳንዱ እየደወልኩ «እባካችሁ ሁሉም ጋ ቀይሩት» ስል ዋልኩ። የአንዲት ነርስ ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የራስሽን ሠንጠረዥ ትተሽ የጃንጎን የተጠቃሚ ሞዴል (የአባላትን መረጃ የሚይዘውን ዝግጁ ንድፍ) ውረሺ። ፓስወርዱን ወደ ኋላ ወደማይመለስ ሃሽ (ዋናው ፓስወርድ ወደማይነበብበት የፊደልና ቁጥር ድርድር) ይቀይርልሻል፤ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ሶልትም (በዘፈቀደ የወጣ ተጨማሪ ጽሑፍ) ይጨምራል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፓስወርድ ቢያወጡ እንኳ ዳታቤዙ ላይ የሚታየው ይለያያል። ያሉትን ፓስወርዶች በሙሉ ወደ ሃሽ ቀይሪና የድሮውን ዓምድ አጥፊው። የድሮውን ፓስወርድ የያዘ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ካለም ማጥፋት እንዳትረሺ። አባል ሲረሳ አዲስ ያወጣል እንጂ የድሮውን ማንም አይነግረውም። 43 ሰው ስለሆናችሁ የእቁቡ ጸሐፊ በአካል አይታ ጊዜያዊ ፓስወርድ ብትሰጥ ይበቃል። አባሉ እንደገባ ወዲያው እንዲቀይረው አስገድጂ።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። አንዷ ስትመዘገብ በ0911 ጀምራ፣ ስትገባ በ+251911 ጽፋ ይሆናል። ለእኛ አንድ ቁጥር ነው፤ ለዳታቤዙ ግን ሁለት። ክፍተቱን፣ ሰረዙንና የ+ ምልክቱን አውጪ፣ ከፊት ያለውን 0 ወይም 251 ቁረጪ፣ ከዚያ +251 እና የቀሩትን 9 አሃዞች ብቻ አስቀምጪ። ምዝገባውም መግቢያውም በዚሁ አንድ ፈንክሽን ይለፉ። በ07 የሚጀምሩ የሳፋሪኮም ቁጥሮች አሉ፤ ፎርምሽ 09ን ብቻ የሚቀበል እንዳይሆን።

«ተጠቃሚው የለም» የሚለውንም «ስልኩ ወይም ፓስወርዱ ልክ አይደለም» በሚል ተኪው። አለበለዚያ ማንም ቁጥር እየሞከረ የእቁቡን አባላት ለይቶ ያውቃል።

የድሮዎቹን ቁጥሮች ስታስተካክዪ ሁለቴ የተመዘገበ ሰው ማግኘትሽ አይቀርም። አንዱን ከማጥፋትሽ በፊት ከእናትሽ ደብተር ጋር አመሳክሪ፤ አባሉ የከፈለው ብር በየትኛው ላይ እንደተመዘገበ እዪ።