ያቺን ቁራጭ ወረቀት አትንቀሏት

ይድረስ በዚህ ክረምት በሙዚየምና በቤተ መዛግብት ልምምድ ለምትጀምሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፤

ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩበት ሥራ የቅርስ ምዝገባ ነው። ጎብኚ አያየውም። አብዛኛውን ጊዜ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ እቃውን አንስቶ፣ ለክቶ፣ ገልጾ፣ ቁጥር ሰጥቶ ወደ ቦታው መመለስ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር እንደ እናንተ ያሉ ተማሪዎች ይመደቡልናል። የብዙዎቹ ልብ ያለው ዐውደ ርዕዩ ላይ ነው፤ ማስጎብኘት ይፈልጋሉ፣ መብራት ያረፈበት መስታወት አጠገብ መቆም ይፈልጋሉ። አልፈርድባቸውም፣ እኔም የገባሁት በዚያው ጉጉት ነው። ነገር ግን ያላችሁ አንድ ክረምት ብቻ ከሆነ፣ ግምጃ ቤቱ ይሰጠን ብላችሁ ጠይቁ እላችኋለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል እንዲገባችሁ በመጀመሪያው ክረምቴ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ።

የሦስተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ነበርኩ። የተመደብኩበት ሙዚየም ከብዙ ዓመታት በፊት በስጦታ ያገኛቸው 43 የእንጨት ሚዶዎች ነበሩት። እያንዳንዱ ሚዶ ላይ የወየበች፣ ጠርዟ የተበላ ቁራጭ ወረቀት በክር ታስራለች። ጽሑፏ በእርሳስ ነው፤ አንዷ ላይ የሰው ስም፣ ሌላዋ ላይ የቦታ ስም፣ ሌላዋ ላይ ቁጥር ብቻ። የእኔ ሥራ አቧራቸውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፎ ወደ አዲስ ሳጥን ማዛወር ነበር። ኃላፊዬ ለሁለት ቀን ስብሰባ ሄዱ። ሲመለሱ ሥራዬን አሳምሬ ላሳያቸው ብዬ ወረቀቶቹን በሙሉ ፈታሁና በአንድ ፖስታ ሰበሰብኳቸው። ሚዶዎቹንም ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደርኳቸው። ሳጥኑ በእውነት ያምር ነበር።

ኃላፊዬ ተመልሰው ሳጥኑን ሲከፍቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። አልተቆጡኝም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና አንዱን ሚዶ አንስተው፣ "እስቲ ይኼኛው የማን ነበር?" አሉኝ። አላወቅኩም። የቀሩኝን ሦስት ሳምንታት አብረን ተቀምጠን፣ በክሩ ላይ የቀረውን ቀለም ከእንጨቱ ቀለም፣ በአሮጌው መዝገብ የተጻፈውን የጥርስ ቁጥር በእጃችን ካለው ጋር እያስተያየን 38ቱን ለየየወረቀታቸው መለስን። አምስቱ እስከ ዛሬ አልተለዩም። ሚዶዎቹ አንዳቸውም አልተሰበሩም፣ አንዳቸውም አልጠፉም። የጠፋው የማን እንደነበሩና ከየት እንደመጡ ነው። ያ ከሌለ ደግሞ ለታሪክ ሰው በእጁ የቀረው እንጨት ነው።

የመዛግብት ባለሙያዎች ይህን አደጋ ቀድመው አውቀውታል። ፈረንሳዊው ናታሊስ ደ ቫዪ እ.ኤ.አ. በ1841 ባዘጋጀው የመንግሥት መመሪያ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ከአንድ ቤተሰብ የመጣ ሰነድ በአንድነት ይቀመጥ፣ በርዕሰ ጉዳይ እየተለቀመ ከሌላው ጋር አይደባለቅ ተብሎ ታዘዘ። ቆይቶም ባለቤቱ የደረደረበት ቅደም ተከተል ራሱ ይጠበቅ የሚለው ተጨመረበት። ስለዚህ የተዘበራረቀ የሚመስል ሳጥን ስትከፍቱ እጃችሁን ሰብስቡ። የፍቅር ደብዳቤ ከሐኪም ደረሰኝ ጋር ታጥፎ ብታገኙት፣ ያጠፈው ሰው አንድ ነገር ያውቅ ይሆናል። ፎቶ አንሱ፣ እንዴት እንዳገኛችሁት ጻፉ፣ ጠይቁ። ማስተካከል ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም።

የእቃ አያያዝ ደንቡን በመጀመሪያው ሳምንት ያስተምሯችኋል፤ ያን ያህል አይከብድም። ማሰሮ በጆሮው አይነሳም፤ አንድ እጅ ከሥሩ፣ አንድ እጅ ከጎኑ ይሁን። ከማንሳታችሁ በፊት የምታስቀምጡበትን ቦታ አዘጋጁ። እስክሪብቶ ግምጃ ቤት አይገባም፤ በእርሳስ ብቻ ነው የሚጻፈው። ብረትና ፎቶግራፍ በጓንት ይያዛሉ፣ አሮጌ ወረቀትና ብራና ግን በታጠበና በደረቀ ባዶ እጅ ቢያዙ ይመረጣል፤ ጓንት የጣትን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ገጹን ሊቀድ ይችላል። ጨርቅና የውሃ ቀለም ሥዕል ያለበት ክፍል ሲጨልምባችሁ አትገረሙ። ለእነሱ የሚፈቀደው ብርሃን ብዙውን ጊዜ 50 ሉክስ አካባቢ ነው፤ ብርሃን የወሰደው ቀለም ተመልሶ አይመጣምና።

የሚከብደው መግለጽ ነው። "አሮጌ ማሰሮ" ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ነው። "የሸክላ ማሰሮ፤ ቁመት 24.5 ሳ.ሜ፤ አፉ ላይ 3 ሳ.ሜ ያህል ተሸርፏል፤ ሥሩ ጠቁሯል" ያለ ተማሪ ግን ማሰሮው ቢጠፋ እንኳ ሊያስገኘው የሚችል ነገር ጽፏል። ያያችሁትን ከገመታችሁት ለዩት። "ጠቁሯል" ያያችሁት ነው፤ "ጥላሸት ነው" ግምት ነው፤ ከጻፋችሁትም "ምናልባት" በሉበት። ይህን ልዩነት በአንድ ክረምት የለመደ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመለስ የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ለውጡን ያየዋል።

ይህ ሁሉ ጥቃቅን ከመሰላችሁ እ.ኤ.አ. በ2023 የብሪቲሽ ሙዚየም የገጠመውን አስቡ። ወደ 2,000 የሚጠጉ እቃዎች እንደጠፉ፣ እንደተሰረቁ ወይም እንደተጎዱ ይፋ ሆነ። ብዙዎቹ በአግባቡ ያልተመዘገቡ ትንንሽ ፈርጦችና ጌጣጌጦች ነበሩ። ፎቶና ዝርዝር መግለጫ የሌለውን እቃ ገበያ ላይ ቢያገኙት እንኳ "የእኛ ነው" ብሎ ማስረዳት ጭንቅ ነው። ያ ሙዚየም ቢያንስ 8 ሚሊዮን እቃ አለው፤ ለጎብኚ የሚታየው ከመቶው አንድ ያህል ነው። የቀረው ጨለማ ውስጥ ሆኖ መዝገብን ተማምኖ ይኖራል።

ከዚያ በላይ የነካኝ የብራዚሉ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 2018 ሪዮ ዴ ጃኔሮ የሚገኘው የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም ነደደ። ክምችቱ ወደ 20 ሚሊዮን እቃዎች ይገመት ነበር። አመዱ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ እዚያው ከተማ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ነክ ትምህርት የሚማሩ ተማሪዎች ሙዚየሙን ጎብኝቶ ፎቶ ያነሳ ሁሉ ይላክልን ብለው ለሕዝብ ጥሪ አቀረቡ። እንደ እናንተ ተማሪዎች ናቸው። እቃው ሲጠፋ የሚቀረው ምስሉና መግለጫው ብቻ መሆኑን በዚያች ሌሊት ገብቷቸዋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር በሙያችን ተስፋዬ ይታደሳል።

የተመደባችሁት የቃል ታሪክ በሚሰበሰብበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ወረቀቷ የሰውየው ፈቃድ ናት። ቅጂው ለምን እንደሚውል፣ ማን እንደሚሰማው አስረድታችሁ ሳያስፈርሙ መቅጃ አይከፈትም። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚወስድ፣ ሃያ ሰው አነጋግሬ እወጣለሁ ብላችሁ ቃል አትግቡ። አምስት ሰው አነጋግራችሁ አምስቱንም አጠናቅቃችሁ አስረክቡ።

ስለ ክፍያ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። በእኔ ዘመን ልምምድ በነጻ መሆኑን ማንም አይጠይቅም ነበር፤ ትልቅ ጥፋት ነው። ያለ ደመወዝ ሦስት ወር መቀመጥ የሚችለው ወላጁ የሚደግፈው ብቻ ስለሆነ፣ ስንት ጎበዝ ልጅ ከደጅ ተመልሷል። የሰሜን አሜሪካን የሥነ ጥበብ ሙዚየሞች ዳይሬክተሮች ያሰባሰበው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ሙዚየሞች ለተለማማጆች እንዲከፍሉ በይፋ ጠይቋል። እናንተም ሳታፍሩ ጠይቁ። ክፍያ ባይኖር እንኳ የትራንስፖርት አበል፣ የሰዓት ማሻሻያ ወይም ከትምህርት ክፍላችሁ የሚቆጠር ነጥብ ሊኖር ይችላል። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ማን እንደሚያሠራችሁና ክረምቱ ሲያልቅ በእጃችሁ ያለቀ ምን ሥራ እንደሚኖር አረጋግጡ። "ያገኘነውን እናሠራችኋለን" የሚል ቦታ ብዙ ጊዜ ፎቶ ኮፒ ያስነሳችኋል። ትንሽ ሙዚየም ስለሆነ አትናቁ፤ ትልቁ ቤት አንዲት መሳቢያ ሲያሳያችሁ ትንሹ ቤት ቁልፉን ሊሰጣችሁ ይችላል። ትልልቆቹ ማመልከቻ የሚዘጉት ክረምቱ ከመግባቱ ብዙ ወራት ቀድመው ስለሆነ ለእነሱ ቀደም ብላችሁ ተነሱ።

የመጨረሻውን ሳምንት አዲስ ሥራ አትጀምሩበት። የት እንዳቆማችሁ፣ የቱ ሳጥን እንደተጠናቀቀ፣ የቱ እንደቀረ፣ የቱ እንዳጠራጠራችሁ ጻፉ። ስማችሁንና ቀኑን አስፍሩ።

ከዓመታት በፊት አንዲት ተለማማጅ አንድን የሸክላ ማሰሮ ስትመዘግብ መጨረሻው ላይ በእርሳስ "ውስጡ አልታጠበም" ብላ ጽፋ ነበር። ልጅቷ ተመርቃ ወደ ሌላ ሙያ ሄደች። በቅርቡ በጥንታዊ ሸክላ ውስጥ የሰረገ የስብ ቅሪት እየመረመሩ ምን ይበሰልበት እንደነበር የሚያጠኑ ተመራማሪዎች መጥተው፣ በመደርደሪያው ላይ ካሉት ማሰሮዎች ያልታጠበ የትኛው ነው ብለው ጠየቁኝ። መዝገቡን ከፈትኩት። ስለ መታጠብ አንዳች የተጻፈለት ያ ብቻ ነበር፤ ከመደርደሪያው አውርጄ ሰጠኋቸው።