ማርክ የሌለበት ኮሌጅ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሃይስኩል የጨረስኩት በ2011 ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ያን ዓመት ኮሌጅ አልገባሁም። ዋሽንግተን ኮንሰርቬሽን ኮር በሚባለው የዋሽንግተን ግዛት (ዲሲ አይደለም) የተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ተቀጥሬ ወንዝ ዳር ዛፍ ስተክል ከረምኩ። ከዚያ ኦሊምፒያ ከተማ ኤቨርግሪን ስቴት ኮሌጅ ገብቼ በ2016 ተመረቅኩ። ኤ እና ቢ የማይሰጥበት፣ ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) ምረጡ የማይባልበት የመንግሥት ኮሌጅ ነው። ስለዚህ መንገድ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ ከነመልሳቸው እነሆ።

«ልጄ 18 ዓመቷ ነው። ኮሌጅ ከመግባቷ በፊት አንድ ዓመት መሥራት ትፈልጋለች። አንዴ ከወጣች አትመለስም ብዬ ፈራሁ። ዓመቷስ አይባክንም?» (እናት፣ ከኬንት)

እትዬ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። እናቴም «ችግኝ እንድትተክዪ ነው አሜሪካ ያመጣሁሽ?» ብላ ሁለት ሳምንት አኩርፋኝ ነበር። ያስታረቀን አጎቴ ነው። እሱ ስምንተኛ ክፍል ሳለ ሒሳብ ያስተማረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ሄደው ያገለግሉ ነበር። አብዛኞቹ የሚያስተምሩ ነበሩ። አጎቴ ለእናቴ «ያ ልጅ ዓመቱ ባከነበት? እኔን ሰው አድርጎኝ ሄደ እኮ» አላት። እናቴ ከዚያ በኋላ ዝም አለች።

ግን ስጋትዎን ዝም ብለው አይጣሉት። ሳይመለሱ የቀሩ አውቃለሁ። እኔን የረዳኝ ነገር ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ኮሌጅ አመለከትኩ፣ ተቀባይነት አገኘሁ፣ ከዚያ «በሚቀጥለው ዓመት ልጀምር» ብዬ በጽሑፍ ጠየቅኩ። ልጅዎም እንዲሁ ታድርግ። የመግቢያ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ካለ መመለሻው ክፍት ነው። ስኮላርሺፕ ካላትም ደንቡን አስቀድማ ታጣራ። ሃይስኩል ከጨረሱ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልጀመሩ የሚሰረዙ አሉ።

«ሜጀር የለም፣ ማርክ የለም ስትዪ አይገባኝም። ታዲያ ምን ትማራላችሁ?» (የ19 ዓመት ወጣት)

ወንድሜ፣ ከወንዙ ልጀምርልህ።

ኮሩ ውስጥ በእኛ ቡድን አንድ አለቃና አምስት ልጆች ነበርን። ክረምቱን በዝናብ ስንተክል ከረምን። ዛፉ የሚተከለው ውሃው ላይ ጥላ እንዲጥል ነው። ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃው ሲሞቅ ይታመማል፣ ይሞታል። አንድ ቀን የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የኒስኳሊ ሽማግሌ መጥተው ሥራችንን ቆመው አዩ። «ይህን ወንዝ አያቴ ያውቀው ነበር» አሉን፤ ሄዱ። ማታ ማስታወሻዬ ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ። ጥላው ስንት ዲግሪ ያቀዘቅዛል? ዛፉን መጀመሪያ ማን ቆረጠው? ወንዙ የማን ነው?

ሌላ ኮሌጅ ብገባ አንደኛው ጥያቄ ኬሚስትሪ ክፍል፣ ሁለተኛው ታሪክ ክፍል፣ ሦስተኛው ሕግ ክፍል ይሄዳል። ኤቨርግሪን ግን አንድ ኳርተር (የትምህርት ዓመቱ አንድ ክፍል) ሙሉ አንድ «ፕሮግራም» ብቻ ይዘህ 16 ክሬዲት መማር ትችላለህ። ሁለት ወይም ሦስት መምህራን አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ያስተምሩታል። እኔ በገባሁበት አንዷ ኬሚስት፣ አንዱ የታሪክ ሰው ነበሩ። ሰኞ የውሃውን ኦክስጅን እንለካለን። ማክሰኞ የ1854ቱን የሜዲሲን ክሪክ ስምምነት እናነባለን፤ የአካባቢው ሕዝቦች መሬታቸውን ሲለቁ ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን ያስጠበቁበት ሰነድ ነው። ቢሊ ፍራንክ ጁኒየር የሚባለው የኒስኳሊ ሰው ግን በ1945፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ ዓሣ አጠመድክ ተብሎ ታስሯል። በ1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት መብታቸው የጸና ነው ብሎ ፈረደ፤ ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሹ የእነሱ ሆነ። ሐሙስ ወንዙ ዳር እንሄዳለን። ቴርሞሜትሩን ውሃ ውስጥ ስነክር ስለ ፍርዱም እያሰብኩ ነበር። እንደዚያ የገባኝ ትምህርት ከዚያ በፊት አልነበረኝም።

ቆየት ስትል ደግሞ «የግል የትምህርት ኮንትራት» አለ። ምን እንደምታጠና፣ ምን እንደምታነብ፣ መጨረሻ ላይ ምን እንደምታስረክብ ራስህ ትጽፋለህ። አንድ መምህር ይፈርምልሃል።

በማርክ ፋንታ መምህሩ ስለ ሥራህ በጽሑፍ ምዘና ይሰጣል። አንተም ስለ ራስህ ትጽፋለህ። የመጀመሪያ ምዘናዬን ለአባቴ በአማርኛ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። አባቴ መርጌታ ነው። ቅኔ ዋሸራ፣ አቋቋም ጎንደር ነው የተማረው። አንድ ትምህርት ሲበቃው፣ ለሚቀጥለው የታወቀ መምህር ወዳለበት በእግሩ እየሄደ ነው። ምዘናው «ስሌቷን ሁለት ጊዜ ታረጋግጣለች፤ በውይይት ግን ቶሎ ትፈርዳለች» ይላል። አባቴ አስደገመኝና «ይህማ ምስክርነት ነው» አለ። «እኛ አስመሰከረ የምንለው ይኸው ነው። መምህሩ ያውቅሻል ማለት ነው።» ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ማርክ አንስቶብኝ አያውቅም።

«ማርክ የሌለበት ወረቀት ሥራ ያስገኛል? ማስተርስስ?» (አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ጋሼ፣ ዲግሪው ሙሉ ዲግሪ ነው። ኮሌጁ ዕውቅና የሚሰጠው እንደ ሌሎቹ የአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ በሰሜን ምዕራብ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ኮሚሽን ነው። ለመመረቅ 180 ክሬዲት ያስፈልጋል። ባችለር ኦፍ ሳይንስ የሚፈልግ ከዚያ ውስጥ 72ቱን በሳይንስ፣ በሒሳብ ወይም በኮምፒውተር መሙላት አለበት። ትራንስክሪፕቱ ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም በክሬዲት ተከፋፍሎ ይጻፋል፤ ይህን ያህል ኬሚስትሪ ከነላቦራቶሪው፣ ይህን ያህል ታሪክ እየተባለ። ስለዚህ ምን እንደተማሩ አይጠፋም።

ችግር የለውም ግን አልልዎትም። ለማስተርስ ሳመለክት የአንድ ዩኒቨርሲቲ የኢንተርኔት ፎርም ጂፒኤ (የማርክ አማካይ) ካልተሞላ አላሳልፍ አለኝ። ስልክ ደውዬ፣ ደብዳቤ ጽፌ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ትራንስክሪፕቴን ገጽ በገጽ አንብበው ተቀበሉኝ። ልጅዎ በጂፒኤ ብቻ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ላይ ዐይኑን ከጣለ፣ ይህ መንገድ ይጎዳዋል። ነርስ መሆን የሚፈልግም በቀጥታ ወደ ነርሲንግ ፕሮግራም ይሂድ።

«ገንዘቡስ?» (ብዙ ሰው የጠየቀው)

ኮሩ የአሜሪኮር (የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የአገልግሎት ፕሮግራም) አካል ስለሆነ ጊዜውን ሲጨርሱ የትምህርት ሽልማት ይሰጣል። መጠኑ ከፍተኛውን የፔል ግራንት (ፌዴራል መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው እርዳታ) ይከተላል። በእኔ ጊዜ 5,550 ዶላር ነበር፤ በቅርብ ዓመታት 7,395 ደርሷል። ሰባት ዓመት ይቆያል፤ የተማሪ ብድርም ይከፈልበታል። ታክስ እንዳለበት ግን አትርሱ፤ እኔ ሳላውቅ ቀርቼ ሚያዝያ ላይ ታክስ ስሞላ ደንግጫለሁ። የዋሽንግተን ነዋሪ ከሆናችሁና የቤተሰባችሁ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ዋሽንግተን ኮሌጅ ግራንት በመንግሥት ኮሌጅ የትምህርት ክፍያውን ሙሉውን ሊሸፍን ይችላል። የሥራው ዓመት ላይም ብትሆኑ ለቀጣዩ ዓመት ፋፍሳ (የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ፎርም) በጊዜ ሙሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በኤፕሪል 2025 የብዙ አሜሪኮር ፕሮግራሞች ድጎማ ተቋርጦ፣ ኤንሲሲሲ የሚባለው ክፍል አባላት ከጊዜያቸው በፊት ወደ ቤታቸው ተልከዋል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት «የዘንድሮው በጀት ጸድቋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ከኤቨርግሪን ሌላስ?»

ሜይን ውስጥ ኮሌጅ ኦቭ ዘ አትላንቲክ አለ። ሁሉም የሚመረቀው በአንድ ዘርፍ ነው፤ ሰውና አካባቢው ያላቸው ግንኙነት። ይዘቱን ግን እያንዳንዱ ተማሪ ይቀርጻል። ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ያለው ዲፕ ስፕሪንግስ በ1917 ተመሠረተ። ሃያ ስድስት ያህል ተማሪ ነው ያለው። ሁለት ዓመት፣ ያለ ክፍያ፣ ከብት እያረቡና ኮሌጁን ራሳቸው እያስተዳደሩ ይማራሉ። ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ2018 ነው። የማሳቹሴትሱ ሃምፕሻየር ደግሞ የታወቀው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ዓመቱን በአንድ ትልቅ የራሱ ሥራ በማሳለፉ ነው፤ አዲስ ተማሪ መቀበሉን ግን መጀመሪያ አጣሩ።

እንዲህ ያሉ ትንንሽ የግል ኮሌጆች ገንዘብ ያጥራቸዋል። ግሪን ማውንቴን በ2019፣ ማርልቦሮ በ2020፣ ጎዳርድ በ2024 ተዘግተዋል። ሦስቱም ቬርሞንት ውስጥ ነበሩ። ሃምፕሻየር በ2019 ችግር ሲገጥመው በዚያ ዓመት የተቀበለው ቀደም ብሎ ቃል የገባላቸውንና ጋፕ ይር (ከኮሌጅ በፊት የአንድ ዓመት እረፍት) ወስደው ቦታቸው የተጠበቀላቸውን ብቻ ነበር። አስቡት፤ ዓመቱን ሠርታችሁ ስትመለሱ የክፍል ጓደኞቻችሁ በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ። ልጆች ስለ መኝታ ቤትና ስለ ምግብ ይጠይቃሉ። እናንተ ወላጆች የተማሪው ቁጥር ባለፉት አምስት ዓመታት ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብላችሁ ጠይቁ። ኤቨርግሪንም ከ2017 በኋላ ብዙ ተማሪ አጥቶ ነበር። የመንግሥት ስለሆነ ግን የሚደግፈው አለ፤ እኔን የሳበኝ አንዱም ይህ ነው።

«አዲስ አበባ ነኝ። አሜሪኮር መግባት እችላለሁ?»

አትችልም። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል። ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅ በሚባሉት ዓለም አቀፍ ሃይስኩሎች የጨረሱ ልጆች ግን ኮሌጅ ኦቭ ዘ አትላንቲክን በዴቪስ ስኮላርሺፕ ሊማሩበት ይችላሉ። ወደ ሀገርህ ተመልሰህ ልትሠራ ከሆነ፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የውጭ ዲግሪን አቻ ግምት ስለሚሰጥ መስፈርቱን ቀድመህ እይ።

«ለማን አይሆንም?»

ቀጠሮ ካልያዙለት ለማይነሣ ሰው። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ በተከታታይ ጥሩ ምዘና ስላገኘሁ ልቤ አበጠ። ብቻዬን የ16 ክሬዲት ኮንትራት ጻፍኩ። አሥር መጽሐፍ፣ የአፈር ምርመራ፣ ረጅም ጽሑፍ። አራተኛው ሳምንት ላይ መምህሬን መሸሽ ጀመርኩ። ኢሜይሏን እያየሁ አልከፍትም ነበር። መጨረሻ ላይ ያገኘሁት 6 ክሬዲት ነው። እዚያ ኤፍ የሚባል የለም፤ ክሬዲቱ ይቀራል እንጂ። ክሬዲት ሲጎድል ግን ፋይናንሻል ኤይድም አደጋ ላይ ይወድቃል።

በሚቀጥለው ኳርተር ግማሹን በፕሮግራም፣ ግማሹን በትንሽ ኮንትራት አደረግኩ። ሐሙስ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መምህሬ ቢሮ ያለማቋረጥ ሄድኩ፤ ያልጨረስኩ ቀንም ጭምር። ያ ቀጠሮ ነው ያስመረቀኝ።

«ሐበሻ አለ?»

በእኔ ጊዜ ከሦስት አንበልጥም ነበር። ሐበሻ ያለባት ሲያትል ግን 60 ማይል ነው የምትርቀው። እናቴ በየሁለት ሳምንቱ እንጀራ ትልክልኝ ነበር።

«ልጄ ዓመቱን ሠርቶ ጨረሰ። አሁንም ምን መማር እንደሚፈልግ አያውቅም። ታዲያ ምን ይሻላል?» (እናት፣ ከታኮማ)

እትዬ፣ «ምን ትማራለህ?» ብለው አይጠይቁት። ያ ጥያቄ ያስጨንቃል። «በዚያ ሥራ ላይ ያልገባህ ነገር ምንድን ነው?» ይበሉት። ያናደደውን፣ የገረመውን፣ ማታ ሲተኛ የሚያስበውን ይጻፍ። ሦስት መስመር ይበቃል። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ኮሌጁን ይጎብኝ። አስጎብኚው ሲጨርስ አንድ መምህር ቢሮ ያንኳኳና ያሳየው። መምህሩ ወንበር ስቦ ከጠየቀው፣ እዚያ ይማር። ብሮሹር ሰጥቶ ከሸኘው፣ ሌላ በር ያንኳኳ። የእኔ ሦስት መስመር የተጻፈበት ማስታወሻ በዝናብ ረጥቦ ግማሹ አይነበብም ነበር። ኬሚስቷ መነጽሯን አውልቃ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አቅርባ «ሁለተኛው ጥያቄ ምን ይላል?» አለችኝ።