ተርቦ፣ ሐረጎና የተበሳ ፒስተን፦ ጥያቄና መልስ

የቶዮታ ስታርሌት መኪናዬን ኮፈን ከፍቼ ፎቶ ካሳየሁ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ ተርቦ መጠየቅ ጀመረ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለስ ሲሰለቸኝ "ያላችሁን ጥያቄ ላኩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ" አልኩ። ይኸው ቡናው ቀርቧል፣ እጄንም ከግሪስ ታጥቤያለሁ። ለማታውቁኝ፣ ኮምቦልቻ የምሠራ መካኒክ ነኝ። መሐንዲስ አይደለሁም። አብዛኛውን የማውቀው ራሴ አበላሽቼ፣ ራሴ ከፍዬ የተማርኩትን ነው።

ጥ፦ ደሴ ሆጤ ነው የምኖረው። ኮሮላዬ ኮምቦልቻ ስወርድ ነፍስ ይዘራል፣ ወደ ደሴ የሚመልሰውን የሐረጎን ዳገት ስወጣ ይሞታል። ተርቦ ቢገባለት ይድናል?

መ፦ መኪናህ አልታመመም ወንድሜ፣ አየር አጥሮት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የአየር ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ወደ 0.81 ይወርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ እዚያ 0.75 ብቻ ታገኛለህ። ሞተሩ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር ደሴ ፒያሳ ላይ 75 ከሰጠህ ተመስገን በል። በዚያ ላይ ዳገቱ አለ።

ተርቦ ይህን ይመልስልሃል። በማርሚታ ሊወጣ የነበረው የጋለ ጭስ አንድ ትንሽ ፋን ያዞራል፣ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለው ፋን ደግሞ ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። የጠፋው አየር ይመለሳል፣ ከዚያም በላይ ይጨመራል።

ግን በነጻ እንዳይመስልህ። ጌጁ ከውጭው አየር በላይ 0.8 ባር ሲያሳይ ባሕር ዳርቻ ያለ ተርቦ አየሩን 1.8 እጥፍ ጨምቆታል። ደሴ ላይ ያው 0.8 እንዲታይ ከ2 እጥፍ በላይ መጭመቅ አለበት፣ ምክንያቱም የሚነሣው ከ0.75 ነው። ጌጁ ላይ ቁጥሩ አንድ ነው፣ የተርቦው ድካም ግን አንድ አይደለም። በፍጥነት ይሽከረከራል፣ አየሩንም ያግለዋል። 20 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር ሁለት እጥፍ ሲጨመቅ 110 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይወጣል። ይህን ትኩስ አየር እንዳለ ለሞተር ማጠጣት ጥፋት መጥራት ነው፣ መጀመሪያ ኢንተርኩለር የሚባለው ማቀዝቀዣ ሊያበርደው ይገባል። "ኢንተርኩለር ሳይኖር አይሆንም?" ብላችሁ የላካችሁ ሦስት ሰዎች፣ መልሳችሁ ይኸው።

ጥ፦ ከኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና የወጣ ተርቦ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። ቪትዝ ላይ ይገጠማል?

መ፦ በብየዳ ምን የማይገጠም አለ! ግን ተወው። ያ ተርቦ የተሠራው ከቪትዝህ አምስት ስድስት እጥፍ ለሚበልጥ ሞተር ነው። የአንተ ሞተር ጭስ እሱን ለማዞር አቅም የለውም። ነዳጅ ትረግጣለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ሊነሣ ሲል ቀጥተኛው መንገድ አልቆ ፍሬን ትይዛለህ። ሌላው ደግሞ ሙቀቱ ነው። የናፍጣ ሞተር ጭስ ቢበዛ 700 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቤንዚን በከባድ ጭነት 900 ያልፋል። የናፍጣ ተርቦ ለዚያ ሙቀት የተሠራ ብረት ላይኖረው ይችላል። ሽጠውና ጎማ ግዛበት።

ጥ፦ እሺ፣ ቪትዙ ራሱስ ለተርቦ ይሆናል? 1.5 ነው።

መ፦ ይሆናል፣ ግን በልክ። ባለ 1.5ቱ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ አየሩን 10.5 ለ1 ነው የሚጨምቀው። ይህ ተርቦ ለሌለው መኪና ጥሩ ነው። በዚያ ላይ በተርቦ ስትጨምርበት ቤንዚኑ ካንዴላው ሳያቃጥለው በራሱ መፈንዳት ይጀምራል፣ እኛ ሞተሩ "ይመታል" የምንለው። ማደያችን ላይ እንደ ውጭው አገር ከፍ ያለ ቤንዚን መርጠህ አትቀዳም፣ ያለው ይቀዳል። 0.3፣ ቢበዛ 0.4 ባር ላይ ቁም። ደሴ ላይ ይህ ራሱ የጠፋብህን ጉልበት መልሶ ትንሽ ያስተርፍልሃል።

ጥ፦ አንተ የትኛውን ሞተር ነው የተጠቀምከው? ለምንስ?

መ፦ የኔ ስታርሌት ድሮ ተራው 1.3 ሞተር ነበረው፣ 4ኢ-ኤፍኢ የሚባለው። እሱ 9.6 ለ1 ይጨምቃል። ቶዮታ ግን የዚሁ ሞተር ወንድም ሠርቷል፣ 4ኢ-ኤፍቲኢ፣ ከፋብሪካው ባለ ተርቦ። እሱ 8.2 ለ1 ነው፣ ጉልበቱ 135 ፈረስ። ጉልበቱ ያን ያህል አይመስልም ይሆናል። መኪናዋ ግን አንድ ቶን እንኳን አትሞላም።

ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ገዛሁ። ሁለቱ ሞተሮች ወንድማማች ስለሆኑ ማሰሪያው ብዙ አላስቸገረኝም፣ ያስለቀሰኝ የኤሌክትሪክ ሽቦው ነው። ሦስት ሳምንት። ተራ ሞተር ላይ ተርቦ ከመበየድ ግን ይሻላል። ፒስተኑን፣ የዘይት መስመሩን፣ ማቀዝቀዣውን ፋብሪካው አስቦበታል። አንተ ጋራዥ ውስጥ በሐሳብ የምታመጣው ነገር አይደለም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ሙሉ መኪና ከውጭ አመጣለሁ የሚለውን ሐሳብ እርሱት። እዚሁ ባለው አሮጌ መኪና ነው የምንጫወተው።

ጥ፦ ፒስተን በላህ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መ፦ እውነት ነው። ጥፋቱም የራሴ ነው።

ሞተሩ ከገባ በኋላ ለሁለት ወር ቆንጆ ሄደ። 0.6 ባር ነበር። ከዚያ ልቤ አበጠ፣ 0.9 አደረግሁት። አየሩን ሳበዛ ቤንዚኑን የሚልከውን ፓምፕ ግን አልቀየርኩም። ቀደም ሲል ከአንድ ሻጭ "እንደ አዲስ ነው" ተብዬ የገዛሁት ያገለገለ ፓምፕ ነበር፣ እኔም ሳልፈትነው አስገባሁ። ባለቤቱን አስፈቅደን በገባንበት ግቢ ውስጥ ኮን ደርድረን ስንዞር ሦስተኛው ዙር ላይ ጉልበቱ ረገብ አለ። እዚያ ላይ እግሬን ባነሣ ኖሮ! እኔ ግን ጨምሬ ረገጥኩት። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ወጣ፣ ልጆቹ መጀመሪያ አጨበጨቡ፣ ጎማ የነደደ መስሏቸው።

ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክዳን) ስናነሣ የሦስተኛው ፒስተን የፋሻ (የቀለበት) መቀመጫ ተሰብሯል፣ ጠርዙ ጋ ደግሞ እንደ ሰም ቀልጦ ተበስቷል። አየር በዝቶ ቤንዚን ሲያንስ የሚሆነው ይህ ነው። ቤንዚን ለማቃጠል ብቻ አይደለም የሚያገለግለው፣ ውስጡን ያበርዳልም። በእርጋታ ስትነዳ 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን ይበቃል። ተርቦው ሲገፋ ግን ከ11.5 እስከ 12 ድረስ ቤንዚኑን ማወፈር አለብህ።

ይህን በጆሮ ማወቅ አይቻልም። የማርሚታ ጭስ ውስጥ የሚገባ፣ ሰፊውን መጠን የሚያነብ ሴንሰር ከነጌጁ ግዙ። መኪናው ይዞት የመጣው የኦክስጅን ሴንሰር 14.7 አካባቢ ያለውን ብቻ ነው በደንብ የሚለየው፣ ከዚያ ውጭ ዓይነ ስውር ነው። ተርቦ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጌጅ ግዙ። ቀጥሎ ፓምፕ፣ በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋው ዓይነት በቂ ነው። ቀጥሎ ኢንጀክተር። ለ150 ፈረስ በአራት ሲሊንደር እያንዳንዱ በደቂቃ 300 ሲሲ አካባቢ መርጨት አለበት። ካንዴላም በአንድ ደረጃ ቀዝቀዝ ያለውን ግዙ፣ ክፍተቱን ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር አጥብቡት፣ አለበለዚያ የታመቀው አየር እሳቱን ያጠፋዋል።

ጥ፦ ደሴ ላይ ያስተካከልኩትን መኪና ይዤ ወደ ሚሌ ብወርድስ?

መ፦ ጎበዝ፣ ይህን የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ ነበር። በባቲ አድርገህ አፋር ሜዳ ስትደርስ ከ500 ሜትር በታች ነህ። አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱ ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለህ። ግፊቱን የሚገድበው የተርቦው ስፕሪንግ የሚለካው ከውጭ አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ ጌጅህ ያንኑ 0.6 ያሳያል፣ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው አየር ግን ደሴ ላይ ከነበረው ይበልጣል። ቤንዚኑ በዚያ ልክ ካልጨመረ የኔን ፒስተን ታገኛለህ። ኮምፒውተሩ ጠቅላላ ግፊቱን የሚያነብ ሴንሰር ካለውና እስከዚያ ግፊት ድረስ የተሞላ የቤንዚን ልክ ሠንጠረዥ ካለው ችግር የለም። ከሌለው ከባቲ በኋላ እንደ ሽማግሌ ንዳ።

ጥ፦ ተርቦ ካስገባሁ ጀምሮ ቆሜ ስጠብቅ በማርሚታ ይጨሳል። ተርቦው አዲስ ነው። ተታለልኩ?

መ፦ አብሽር፣ ብዙ ጊዜ ተርቦው ጤነኛ ነው። ዘይት ወደ ተርቦው በግፊት ይገባል፣ ሲመለስ ግን በራሱ ክብደት ነው ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) የሚወርደው። የመመለሻ ቱቦው ከቀጠነ፣ ከታጠፈ ወይም ኮፓው ውስጥ ካለው ዘይት በታች ከገባ ዘይቱ ይታቆርና በማኅተሙ በኩል ወደ ጭሱ ያልፋል። ቱቦው አውራ ጣት የሚያህል ይሁን፣ ያለ ጉብታ ቁልቁል ይውረድ። አንዱን ልጅ አውቀዋለሁ፣ በዚህች ቱቦ ምክንያት ሁለት ተርቦ ቀይሯል።

ነድተህ ስትመጣ ደግሞ ወዲያው አታጥፋው። አንድ ሁለት ደቂቃ ይዙር። የጋለ ዘንግ ላይ የቆመ ዘይት ከስሎ ይቀራል።

ጥ፦ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ የምሠራ ሹፌር ነኝ፣ ተርቦ ጨርሶ አልፈልግም። ግን መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው፣ "እንዳይሞቅብህ" ብሎ። ልክ ነው?

መ፦ ጋሼ፣ አይደለም። ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ የሙያችን ነውር ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደንብ ሳይሞቅ ይውላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። ይመልሱት። ይልቅ የራዲያተርዎን ክዳን ያስፈትሹ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ አይደለም፣ 92 አካባቢ ነው። ደህና ክዳን 1.1 ባር አምቆ መፍያውን ወደ 118 ያደርሰዋል። ጎማው ያለቀ ክዳን ካለዎት ግን ሐረጎን ሲጨርሱ ውሃዎ ይፈላል። ርካሿ ዕቃ እሷ ናት። ይህ ለውድድር መኪናም ያው ነው።

ጥ፦ ሴት ነኝ፣ መንዳት እወዳለሁ። የት ነው በፍጥነት መንዳት የሚቻለው? ጓደኞቼ ሐረጎ ላይ ሌሊት ይሄዳሉ።

መ፦ እህቴ፣ ሐረጎን ተይው። ጭጋግ አለ፣ ከኩርባው ኋላ መብራቱን ያጠፋ ጭነት መኪና ቆሞ ይጠብቅሻል፣ አህያም አለ። ደሴም ኮምቦልቻም የውድድር ትራክ የለም። እኛ የምናደርገው ሰፊ ግቢ ያለው ሰው አስፈቅደን፣ ኮን ደርድረን፣ አንድ መኪና ብቻ አስገብተን በሰዓት መለካት ነው። ሄልሜት የግድ፣ የእሳት ማጥፊያ የግድ፣ ተመልካች ከኩርባው ውጭ በኩል አይቆምም። ፍጥነቱ ከሁለተኛ ማርሽ ብዙም አያልፍም፣ ግን መንዳት የምትማሪው እዚያ ነው። የመጨረሻው ጊዜ ላይ ከሁላችንም ፈጥኖ የዞረው ተርቦ የሌለው ኮሮላ ነው። ጎማው አዲስ ነበር።

ጥ፦ ስለ ፍሬንና ጎማ ምንም አላልክም።

መ፦ ማንም ስላልጠየቀ ነው፣ ሁሉም የሚያስበው ስለ መሮጥ ነው! የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140። ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪና ፍሬን ሲሸት ያልሸተተው ወሎዬ የለም። በየዓመቱ ቀይሩ። ጎማ ላይ አራት ቁጥር አለ፣ 2319 ከሆነ በፈረንጅ 2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ የደረቀ ጎማ ጎሚስታው ቢምልላችሁም አትግዙ።

ጥ፦ ሞተር ብቀይር ቦሎ ላይ አልቸገርም?

መ፦ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ስትገዛ ሕጋዊ ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀት ተቀበል፣ ከመግጠምህ በፊትም ሄደህ ጠይቅ። እኔ ገጥሜ ነው የጠየቅሁት፣ መመላለሱ ከሽቦው ባሰ።

ጥ፦ ነዳጅ ሲለቁት "ፕሽሽ" የሚለው ነገር ስንት ፈረስ ይጨምራል?

መ፦ ዜሮ። ግን ደስ ይላል፣ እኔም አለኝ።

ጥ፦ መኪናዋን መቼ መጥተን እንያት?

መ፦ አሁን ካምቢዮው መሬት ላይ ተበትኗል፣ ሁለተኛ ማርሽ አልገባም ብሎ። ሁለት ሳምንት ስጡኝ። ባለፈው መጥቶ 14 ቁጥር ቁልፌን ይዞ የሄደው ልጅ ግን ዛሬውኑ ይምጣ።