መልስ፦ ከቁርጥራጭ የሠራነው ድስት ለምን ይሰነጠቃል?

ሰላም ወንድሜ። ኮምቦልቻ ላይ ከቆራሌው የገዛችሁትን አሉሚኒየም በብረት ማቅለጫ አቅልጣችሁ የሠራችሁት ድስት ሲወድቅ ይሰነጠቃል፤ መምህርህም «ኢንተርሜታሊክ ነው» አሉህ። ልክ ናቸው፤ ኢንተርሜታሊክ ማለት ብረታ ብረቶች እርስ በርስ ተጣምረው የሚሠሩት ውህድ ነው።

የቀለጠ አሉሚኒየም ማቅለጫውን ቀስ እያለ ይበላል። ሲረጋ ግን ከ0.1 በመቶ በታች ብረት ብቻ ነው አሟሙቶ የሚይዘው። የተረፈው ብረት ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጣምሮ የራሱ ክሪስታል ያለው ውህድ ይሆናል። የንጹህ አሉሚኒየም ክሪስታል የሚደጋገመው በ4 አቶም ጥለት ነው፤ 13 አሉሚኒየም ለ4 ብረት የሆነው ውህድ ግን በ102። የአሉሚኒየምና የማግኒዚየም ውህዱማ ጉድ ነው፦ ወደ 1168 አቶም! ይህን የክሪስታል ተመራማሪው ስቴን ሳምሶን በ1965 እ.ኤ.አ. ነው ያሳተመው።

አሉሚኒየም ሲመታ የሚታጠፈው የአቶም ረድፎቹ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተቱ ነው። ጥለቱ እንዲህ ሲሰፋና ሲወሳሰብ መንሸራተት ይከብዳል፤ ውህዱ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ሙቀትና ኤሌክትሪክም ከንጹህ አሉሚኒየም በጣም ባነሰ ያስተላልፋል። በከፍተኛ ሙቀት ግን መተጣጠፍ ይጀምራል።

የሞተር ክፍል ከቀላቀላችሁ ሲሊከን ይገባበታል። ያኔ የብረቱ ውህድ ስስና ሹል ሆኖ ያድጋል፤ ስንጥቁም የሚነሳው ከዚያ ነው። ስለዚህ ብረት እንዳይገባበት ቡሎኑን ሁሉ ቀድማችሁ ልቀሙ፤ የማቅለጫውንም ውስጥ እሳት በሚችል ጭቃ ለብጡት። ጭቃው እስከ ውስጡ ድረስ ይድረቅ፤ እርጥበት ካለው የቀለጠው ፈንድቶ ፊታችሁን ያቃጥላል። ማንጋኒዝ መጨመር የውህዱን ቅርጽ ያሻሽላል፤ ግን ይዘቱ ላቦራቶሪ ሳይለካ በግምት አትሞክሩት።