ሐኪሙ ለምን አልሸሸም?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። «The Last King of Scotland» በሚለው ፊልም ላይ አንድ ወጣት ስኮትላንዳዊ ሐኪም የኡጋንዳውን አምባገነን ኢዲ አሚንን መንገድ ላይ በአጋጣሚ ያክማል፤ ከዚያ ወዲያ የቤተ መንግሥቱ ሰው ሆኖ ይቀራል። «እንዲህ ዓይነት ነገር በእውነት ይሆናል? የተማረ ሰው እንዴት አይነቃም? ለምን ቶሎ አይሸሽም?» ብለሃል። ሐኪም ስለሆንኩና በትንሹም ቢሆን ስለቀመስኩት መልሴ ረዘም ይላል።

ያ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ልቦለድ ነው። አሚን አጠገብ የነበረው እንግሊዛዊ፣ ቦብ አስትልስ፣ የቀድሞ ወታደር እንጂ ሐኪም አልነበረም። ሌላ አገር ግን በእውን የሆነ አለ። ካርል ብራንት በ1933 እ.ኤ.አ. የ29 ዓመት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። የሂትለር ረዳት መኮንን ባቫሪያ ውስጥ የመኪና አደጋ ደርሶበት ክፉኛ ሲጎዳ ብራንት አከመው። በቃ፣ መግቢያው ይኼው ነው። በዓመቱ የሂትለር አጃቢ ሐኪም ሆነ። የሚገርምህ፣ ይህ ልጅ ቀደም ሲል አፍሪካ፣ ጋቦን ውስጥ ወዳለችው ላምባሬኔ ሄዶ፣ እዚያ ሆስፒታል ካቋቋመው ሐኪም ከአልበርት ሽቫይትዘር ጋር ድሆችን የማከም ሐሳብ ነበረው። በ1939 ሂትለር «የማይድኑ» የተባሉ ሕሙማንን የማስገደል ሥልጣን በጽሑፍ ሲሰጥ፣ ደብዳቤው ላይ ከተጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ብራንት ነበር። እስከ 1941 አጋማሽ ድረስ ብቻ ከ70 ሺህ በላይ ሰው በዚያ ፕሮግራም ተገደለ። ብራንት በ1948 ተሰቀለ።

የእኔ ሰውዬ ርዕሰ ብሔር አልነበረም። አገሩንም ስሙንም አልጠቅስም። ባለበት ቦታ ግን ቃሉ ሕግ ነበር፤ ሰው ስለ እሱ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ተረኛ ነበርኩ። ሌሊት መኪና ተላከና ወሰዱኝ። ሰውዬው አልጋው ላይ ተቀምጦ የእግሩን አውራ ጣት ይዞ ያለቅሳል። ሪህ ነው። ሪህ ሲነሳበት አንሶላ ሲነካው እንኳ የሚጮኽ ሰው አይተህ እንደሆነ ታውቀዋለህ። መድኃኒት ሰጠሁት፤ በሦስተኛው ቀን መራመድ ጀመረ። እጄን ይዞ «ከእንግዲህ የኔ ዶክተር አንተ ነህ» አለኝ።

ብዙ ሰው ገንዘብ ነው፣ ወይ ፍርሃት ነው የሚያጠምደው ይላል። እኔን ያጠመደኝ ያ ጣት ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራውን ሰውዬ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ክፉነቱ ሲወራ «እነሱ ምን ያውቃሉ፣ የማውቀው እኔ ነኝ» እል ነበር። ያሳዝነኝም ነበር። ሙያችን ደግሞ በሽተኛ አትምረጥ ይላል፤ ልክ ነው። እኔ ግን ይህንን እራት ስጋበዝም እጠቅሰው ነበር። እራት ላይ ማን ታሞ?

ጥቅሙም አልቀረብኝም። የሆስፒታሉ ኃላፊ ስገባ ከወንበሩ መነሳት ጀመረ። ወር የሚፈጅ ወረቀት በአንድ ቀን ያልቅልኛል። አድርጉልኝ አላልኩም። ተዉ ግን አላልኩም።

ለሪህ ቢራ ጠላት ነው። መጀመሪያ ስነግረው ሳቀ። ሁለተኛ ስነግረው ዝም አለ፤ ቤቱ ውስጥ የነበረውም ሰው ሁሉ ዝም አለ። ሦስተኛ አልነገርኩትም። የቻይናው መሪ የማኦ ሐኪም የነበረው ሊ ዢሱዪ በኋላ እንደጻፈው፣ ማኦ ጥርሱን አይቦርሽም ነበር። ቢመክረው «ነብር ጥርሱን ይቦርሻል?» ብሎ መለሰለት። ሐኪሙ ከ1954 ጀምሮ ማኦ በ1976 እስኪሞት ድረስ አብሮት ቆየ። አልፈርድበትም፤ እኔ ቢራን ማሸነፍ አቅቶኛል። ደፍሮ የተናገረም አለ። የሶቪየቱ መሪ የስታሊን ሐኪም የነበረው ቪኖግራዶቭ በ1952 መጀመሪያ ስታሊንን መርምሮ «ሥራ ትተው ይረፉ» አለው። ዓመቱ ሳያልቅ ታሰረ። በመጋቢት 1953 ስታሊን ራሱን ስቶ ሲወድቅ፣ ለዓመታት ያከመው ሐኪም እስር ቤት ነበር።

የነቃሁት በአንድ ካርድ ነው። የሰውዬው ጠባቂዎች አንድ ወጣት ድንገተኛ ክፍል አመጡ። ሦስት የጎን አጥንቱ ተሰብሯል፤ ጀርባው ላይ የዱላ ሰንበር አለ። «ደረጃ ላይ ወድቆ ነው» አለኝ ጠባቂው። ልጁ አንድም ቃል አልተናገረም። ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ ዝም። እኔ ካርዱ ላይ «ታካሚው ወደቅሁ ብሏል» ብዬ ጻፍኩ። ያኔ ብልጠት መስሎኝ ነበር፤ እኔ ወደቀ አላልኩ፣ እሱ ነው ያለው። እሱ ግን አላለም። ማታ እጄን ስታጠብ ነው ትዝ ያለኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ጠባቂው እንኳ ጻፍ አላለኝም።

ስለዚህ ለምን አልሸሸም ላልከው፣ እኔም አልሸሸሁም። ሌላ አንድ ዓመት ቆየሁ። «እኔ ብሄድ የባሰ ሰው ይመጣል» እያልኩ። ይህችን ሰበብ ሁሉም ይላታል፤ አንዳንዴ እውነትም ሊኖራት ይችላል፤ ለዚህ ነው የምትከፋው። በመጨረሻ የስፔሻሊቲ ትምህርት ሩቅ ቦታ አመለከትኩ። እንዲያልፍልኝ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። የጻፈልኝ ማን እንደሆነ ገምት። ራሱ ነው፣ በማኅተሙ። «ተምረህ ትመለስልኛለህ» ብሎ አቀፈኝ። አመሰገንኩት፤ ከልቤም ነበር።

ከሄድኩ በሰባተኛው ወር ሌሊት ስልክ ደወለ። ጣቱ ተነስቶበታል፤ አጠገቡ ያለው አዲስ ሐኪም አላወቀበትም መሰል፣ ያቃስታል። የሚወስደውን መድኃኒት ነገርኩት። ከዚያ ቢራውን አቁም አልኩት። መስመሩ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና ዘጋው።