አባቴ ፌርማታ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። 24 ዓመቴ ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቴ፣ ከአባቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። ቦሌ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ከቤት እወጣለሁ፤ ስመለስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ያልፋል፣ የታክሲ ሰልፉ ከረዘመ ደግሞ 3 ሰዓትም ይሆናል። ቅዳሜም ሥራ አለ። ቤት የምውለው እሁድን ብቻ ነው፣ እሱንም ግማሹን በእንቅልፍ ነው የማሳልፈው።

እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። ሌሊት 9 ሰዓት ነው የምትነሳው፣ ያን ሰዓት መብራቱ አይዋዥቅም ትላለች። እኔ ስነሳ ምሳ ዕቃዬ ተቋጥሮ በሩ አጠገብ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አንድም ቀን ሳይቋጠር ቀርቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ አንስቼው እየሮጥኩ ነው የምወጣው።

አባቴ ጡረታ ወጥቷል። ማታ ከታክሲ ስወርድ ሁሌ ፌርማታው ጋ ካለችው ሱቅ በር ላይ አገኘዋለሁ። ከባለሱቁ ጋር ጨዋታ ስለሚወድ ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ስወርድ ይደብረኝና "ትንሽ ልጅ እኮ አይደለሁም" ብዬ አንድ ሁለቴ ተናግሬዋለሁ። ባለፈው እሁድ ካርድ ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ ምን አለኝ መሰለዎት? "አባትሽ ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው እዚህ የሚቆመው። ወንበር ስሰጠው አይቀመጥም፣ ከተቀመጥኩ የሚወርደው ሰው አይታየኝም ይላል።" ሰፈራችን ዳር ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው ከእኛው ነው፣ ሲመሽ የከባድ መኪና ድምፅና የጅብ ጩኸት አንድ ላይ ይሰማል። እዚያ ብርድ ላይ ነው የሚቆመው። ያን ቀን ካርዱን ሳልገዛ ተመለስኩ።

በመጀመሪያ ደሞዜ ለእናቴ ነጠላ፣ ለአባቴ ጋቢ ገዝቼ ነበር። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ትሄድበታለች። አባቴ ግን ጋቢውን አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተውና አሮጌውን ነው የሚለብሰው። አልወደደውም ብዬ ከፍቶኛል።

አሁን ጓደኛዬ ገርጂ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት አብረን እንከራይ እያለችኝ ነው። መንገዱ ገድሎኛል፣ ልቤ ፈልጓል። ግን ጥያቸው መሄድ ክህደት ይመስለኛል። ላመሰግናቸውም እፈልጋለሁ፤ እኛ ቤት "እወድሃለሁ" ወይም "አመሰግናለሁ" ተባብለን አናውቅም፣ ልናገር ስል አፌ ይተሳሰራል። ምን ላድርግ?

ከቱሉ ዲምቱ


መልስ

የኔ ልጅ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ወንበሩ ጋ ስደርስ ሁለቱንም ጊዜ አቁሜ ነው የቀጠልኩት።

ከጋቢው ልጀምር፣ ምክንያቱም በከንቱ ነው የከፋሽ። በአባትሽ ዕድሜ ያለ ሰው የወደደውን ልብስ አይለብሰውም፣ ያስቀምጠዋል። ለፋሲካ፣ ለሠርግ፣ ሰው ፊት ለሚቀርብበት ቀን። የኔም አባት እንዲሁ ነበር። የገዛሁለትን ሹራብ ከነላስቲኩ ሦስት ዓመት አስቀምጦ የለበሰው እኔ ሳገባ ነው። ስለዚህ ያ ጋቢ ሳጥን ውስጥ ያለው ተጠልቶ አይደለም። ምናልባትም የሚጠብቀው ያንቺን ቀን ነው።

አሁን ወደ ምስጋናው። "እወድሃለሁ" አልወጣ ካለሽ ራስሽን አታስጨንቂ፣ እኛ ቤት ሌላ ቃል አለ፣ ከድሮም ያለ ነው። ምሳ ዕቃውን ስታነሺ "እማዬ እጅሽ ይባረክ፣ ኑሪልኝ" በያት። ሁለት ሰኮንድ አይፈጅም፣ ታክሲ አያመልጥሽም። አባትሽንም "ዕድሜና ጤና ይስጥህ" በይው። ይሄ ለሁለቱም እንግዳ ቃል አይደለም፣ "አሜን" ብለው ይቀበሉሻል፣ መርቀውም ይልኩሻል። ልጅ ሲናገረው ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ቀን እናትሽ "ምን ሆንሽ ዛሬ?" ልትልሽ ትችላለች። አትፈሪ፣ በማግስቱም ድገሚው።

ቃሉ ብቻውን ግን አይበቃም፣ ይህን ሳልነግርሽ አላልፍም። እንጀራ የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ይቦካል፣ ከላይ የቋጠረው ውሃ ይቀዳል፣ አብሲት ይጣላል፣ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ሌሊት 9 ሰዓት የምትሰሚው የመጨረሻውን ብቻ ነው። አንድ ቀን፣ በማግስቱ ሥራ በማትገቢበት ሌሊት፣ ቀስቅሺኝ በያትና አብረሻት ተነሺ። መጋገር ባትችዪም ምጣዱን አስሺ፣ የበሰለውን በሰፌድ አውጪ። አክምባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። እናትሽ ወገቧን ስንቴ እንደምትይዝ፣ የትኛው ትከሻዋ እንደሚያማት ያኔ ታያለሽ፤ ሁለት ዓመት እዚያው ቤት ተኝተሽ ያላየሽው ነው። ወንድምሽንም ቀስቅሺው። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካኑን አራተኛ ፎቅ የሚያወጣው ማን ነው? እናትሽ ከሆነች ከነገ ጀምሮ የሱ ሥራ ይሁን።

ገንዘብ ልስጣቸው ካልሽ፣ አባትሽ እጅሽን ይመልሰው ይሆናል። ብዙ አባት ከልጁ ብር መቀበል ይከብደዋል። የመብራቱን ሂሳብ በቴሌብር ክፈዪ፣ ዝም ብለሽ። ምጣድ በሚጣድበት ቤት መብራት ቀላል ወጪ አይደለም፣ እናትሽ ወሩ ሲደርስ ወዲያው ይገባታል።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ግን እንድትጠይቂያቸው ነው። እሁድ ቡና ሲፈላ ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪና ከአቦል እስከ በረካ አትነሺ። ያን ቤት እንዴት እንዳገኙት ታውቂያለሽ? ካንቺ ደብዳቤ አላነበብኩም፣ ግን በየኮንዶሚኒየሙ "የ97 ተመዝጋቢ" የሚባል ሰው ሞልቷል፣ በ1997 ተመዝግቦ ዕጣ እስኪወጣለት አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ የጠበቀ ሰው። አንቺ ያኔ ገና ሕፃን ነበርሽ። የ20/80 ቤት ከሆነ 20 በመቶውን ከኪስ ከፍሎ ቀሪውን በባንክ ብድር ነው። ታዲያ ያ 20 በመቶ ከየት መጣ? ከዕቁብ? ከእናትሽ የጆሮ ወርቅ? ብዙ ሰው ቤቱን ሲረከብ ወለሉ ሲሚንቶ ብቻ ነበር፣ ሴራሚኩንም ቀለሙንም ቀስ እያለ ነው ያሠራው። ደግሞ ከመሃል ከተማ ወደዚያ ዳር ሲወጣ ዕድሩንና የ30 ዓመት ጎረቤቱን ትቶ ነው። እናትና አባትሽስ በማያውቁት ሕንፃ ውስጥ ሰላም የሚላቸው ሰው እስኪያገኙ ስንት ጊዜ ፈጀባቸው? ጠይቂ። አባትሽ መጀመሪያ "ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው" ይላል። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ይጀምራል።

እኔ ለእናቴ ጥያቄ ሳላቀርብላት ነው ያመለጠችኝ። አምስት ነበርን። ጠዋት ዳቦውን ቆርሳ ስታከፋፍለን "እኔ በልቻለሁ" ትል ነበር። ምን እንደበላች እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን የምጽፍልሽ ላሳዝንሽ ብዬ አይደለም፣ አንቺ ገና ጊዜ ስላለሽ ነው።

የኪራዩን ጉዳይ በግልጽ ልንገርሽ። ራስን ችሎ መውጣት ክህደት አይደለም። ያሳደጉሽ በር ላይ እንድትቀመጪላቸው አይደለም፣ እንድትቆሚ ነው። ግን ከልብሽ በፊት ሂሳቡን ሥሪ። ኪራዩ በነፍስ ወከፍ ከደሞዝሽ ስንቱን ይበላል? አከራዩ የስንት ወር ቅድሚያ ይጠይቃል? ውሃና መብራት ለብቻ ነው? ምሳስ? እናትሽ የምትቋጥርልሽን ምሳ ቦሌ ላይ በየቀኑ ገዝተሽ ብትበዪ ምን እንደሚቀርሽ አንድ ወረቀት ላይ ጻፊው። እኔን ካልሽኝ ክረምቱን እዚያው አሳልፊ፣ ዕቁብ ግቢ፣ መስከረም ላይ ብር ይዘሽ ወስኚ። መንገድ ላይ የምትንገላቺው ግን አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም፤ አልቻልኩም ካልሽና ቀድመሽ ከወጣሽ አልፈርድብሽም። ብቻ ከሌላ ሰው አይስሙት። ለአባትሽ መጀመሪያ የምትነግሪው አንቺ ሁኚ፣ ጓደኛሽ ማን እንደሆነች፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ አከራዩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ። ከቻልሽ ሳትከራዪ በፊት ይዘሽው ሂጂና ቤቱን ያሳዩት። በሩን፣ ቁልፉን፣ መንገዱን እሱ ይይ። እሁድ እሁድም ለቡና እንደምትመጪ ንገሪው፣ ከነገርሽው ደግሞ ነይ።

እስከዚያ ድረስ አንድ ነገር ዛሬውኑ ጀምሪ። ማታ ታክሲ ውስጥ እንደገባሽ ደውዪለት። "አባዬ፣ ተሳፍሬያለሁ" በይው፣ ሳሪስ ስትደርሺም ድገሚለት። ያኔ ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ብርድ ላይ አይቆምም። አትምጣ ግን እንዳትዪው! ስትወርጂ ከሥራ ጓደኞችሽ ጋር ከሆንሽ "አባቴ ነው" ብለሽ አስተዋውቂያቸው። ባትሪ ይዞ ከሆነ ከእጁ ተቀበይና መንገዱን አንቺ አብሪለት። ሕንፃው ጋ ስትደርሱ ደረጃውን በሱ እርምጃ ውጡ፣ አራት ፎቅ ነው።